«አዲስ ዘፈን ለምን ቶሎ ያደክመኛል?» ስለ ማስተሪንግ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ማስተሪንግ ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ካሰብኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጬ የሰው ሙዚቃ ስጨርስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጆሮዬ ግን እስካሁን ደህና ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በየዘፈኑ ስር «ሚክሲንግና ማስተሪንግ» ተብሎ ይጻፋል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሚክስ የሚያደርገው ሰው ፊት ድምፃዊው ለብቻው፣ ቤዙ ለብቻው፣ ከበሮው ለብቻው፣ ማሲንቆው ለብቻው ተዘርግቶለታል። ማሲንቆው ካነሰበት ማሲንቆውን ብቻ ከፍ ያደርጋል። እኔ ጋ፣ ማስተሪንግ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ተቦክቶ አንድ ሆኗል። ግራና ቀኝ፣ በቃ። ማሲንቆውን ላውጣው ብል እዚያው አካባቢ ያለውን የዘፋኙን ድምፅም አብሬ አነሳዋለሁ።

ስለዚህ ማስተሪንግ የትንንሽ ነገሮች ሥራ ነው። እዚህ ግማሽ ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው)፣ እዚያ አንድ ዲሲቤል። አንዱ ዘፈን ጮሆ ሌላው እንዳያንሾካሹክ ማስተካከል። በዘፈንና በዘፈን መካከል ስንት ሰከንድ ዝም እንደሚባል መወሰን። በመኪናም፣ በስልክም፣ በሠርግ ቤት ስፒከርም እንዲያስኬድ ማድረግ። ሊጡ ከተበላሸ ግን ምጣዱ ላይ አይድንም።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። አዲስ ዘፈን ሁለት ሦስት ስሰማ ይደክመኛል፤ የድሮዎቹን ግን ቀኑን ሙሉ አዳምጣለሁ። እርጅና ነው?

አይደለም አባቴ። ከልጅነትዎ ጀምሮ የሚያውቋቸውን ዘፈኖች መውደድዎ የራሱ ድርሻ አለው፤ ያንን አልክድም። ድካሙ ግን ሌላ ምክንያት አለው።

ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው። ዜሮ ዲሲቤል ይባላል፤ ከዚያ በላይ መውጣት አይቻልም። ጣሪያውን ማንሳት ካልተቻለ ዘፈኑን የበለጠ ለማስጮኽ የቀረው መንገድ ዝቅ ያለውን ወደ ላይ መግፋትና ከፍ ያለውን ጫፉን መጫን ነው። መጫኛው ሊሚተር ይባላል። በልኩ ከሆነ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም ያለሱ አልሠራም። ሲበዛ ግን ከበሮው ይሞታል። ከበሮ ሲመታ ደረት ላይ የሚያርፈው የመጀመሪያው ቅጽበት ነው። ሊሚተሩ የሚቆርጠው ደግሞ እሱኑ ነው። መግቢያው ላይ ለብቻዋ የምትጫወተው ዋሽንት ባንዱ በሙሉ ሲገባ ካለው ድምፅ ጋር እኩል ትሆናለች። ከፍና ዝቅ የሌለው ነገር ጆሮን ማረፊያ ያሳጣዋል። የደከመዎት እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ይሠሩታል? ጆሮ ስለሚታለል። አንዱን ዘፈን ሁለት ቅጂ አድርጌ፣ አንደኛውን አንድ ዲሲቤል ብቻ ከፍ አድርጌ ባሰማዎት፣ ምናልባት «ይሄኛው ይጠራል» ይሉኛል። «ይጮኻል» አይሉኝም። እያንዳንዱ አሳታሚ ከጎረቤቱ አንድ ዲሲቤል ልብለጥ ሲል ነው እዚህ የደረስነው።

በጣም የታወቀው ጉዳይ የአሜሪካው ሮክ ባንድ የሜታሊካ ነው። በ2008 «ዴዝ ማግኔቲክ» የተባለ አልበም አወጡ። ዘፈኖቹ ጊታር ሂሮ ለሚባል የቪዲዮ ጌምም ተሰጥተው ነበር፤ ጌሙ ላይ የገባው ቅጂ ግን እንደ ሲዲው በሊሚተር አልተጨፈለቀም። ጌሙን የሚጫወቱት ልጆች ሁለቱን አወዳደሩ። የጌሙ ቅጂ ላይ ከበሮው ይመታል፤ ሲዲው ላይ ይሰነጠቃል። ሺዎች አልበሙ እንደገና እንዲሠራ ፊርማ አሰባሰቡ። ማስተር ያደረገው ባለሙያም ድምፁ እሱ ጋ ሲደርስ ቀድሞ የተጨፈለቀ እንደነበር ተናገረ። ሙዚቀኞቹም፣ ዘፈኖቹም፣ ቀረጻውም ያው ናቸው። የተለየው አጨራረሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ድምፁን ያስተካክላሉ ይባላል። እውነት ከሆነ ማስጮኹ ምን ይጠቅማል?

እውነት ነው፤ ብዙም አይጠቅምም። በ2006 የድምፅ ጩኸት በጆሮ አሰማም ልክ የሚለካበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ። መለኪያው ላፍስ ይባላል። ስፖቲፋይ ቅንብሩን ካልነካካኸው ሁሉንም ዘፈን ወደ 14 ላፍስ ከዜሮ በታች ያመጣዋል። ዩቲዩብም የጮኸውን ወደዚያው አካባቢ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ዘፈንህን ጨፍልቀህ፣ ወደ ጣሪያው አስጠግተህ ከዜሮ በታች 7 ላይ ብታስቀምጠው፣ እነሱ 7 ዲሲቤል ይቀንሱልሃል። ጩኸቱ ይሄዳል፣ ጭፍለቃው ይቀራል። ካልተጨፈለቀው ጎን ሲሰማ እንዲያውም የሞተ ይመስላል።

ያም ሆኖ ልማድ ነውና ብዙዎች ማስጮኹን አልተዉትም። ደንበኛ መጥቶ «የእከሌን ያህል አይጮኽም» ሲልህ ስለ ላፍስ ማስረዳት ቀላል አይምሰልህ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ማታ ሰው እንዳልረብሽ በስልኬ ቀስ አድርጌ ስሰማ ቤዙ ይጠፋል። ዘፈኑ ነው ወይስ ስልኩ?

ሁለቱም አይደሉም እህቴ፣ ጆሮሽ ነው። የሁላችንም ጆሮ እንደዚያ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ቀድሞ ይረሳዋል። ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ ተመልሶ ይመጣል። (የስልኩ ስፒከር ራሱ ቤዝ ብዙም አያወጣም፤ ይህን የምልሽ በኢርፎን የምታዳምጪ ከሆነ ነው።) ማታ ማታ ኢኩላይዘሩ (የስልክሽ የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ቤዙን ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ ቀን መልሺው። ማንም ምንም ቢልሽ ኃጢአት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሸክላ ከሲዲ ይበልጣል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ልክ ናቸው?

በቁጥር ከሄድን አይበልጥም። ሲዲ 16 ቢት ነው፤ ከዝምታው እስከ ጩኸቱ 96 ዲሲቤል ያህል ቦታ አለው። ሸክላ እዚያ አይደርስም። ግን ጓደኞችህ የሚሰሙት ነገር የለም ማለቴ አይደለም።

ሸክላ መጨፍለቅን የማይወድ ዕቃ ነው። ድምፁ በአካል የተቀረጸ ቦይ ስለሆነ፣ ያለ ልክ ካስጮኽከው መርፌዋ ትዘላለች። በ1969 የማስተሪንግ ባለሙያው ቦብ ሉድዊግ የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የሌድ ዘፕሊንን ሁለተኛ አልበም ለሸክላ ሲቆርጠው (ቦዩን ሲቀርጸው) በጣም አስጩኾት ነበር፤ ርካሽ ማጫወቻ ላይ መርፌው እየዘለለ አስቸገረና ኩባንያው ዝቅ አድርጎ እንደገና አስቆረጠው። ያ የመጀመሪያው ቅጂ ዛሬ ሰብሳቢዎች እየተሻሙ በውድ የሚገዙት ነው። በዚያው ዓመት እዚህ አዲስ አበባ የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ባለ 45 ዙር ሸክላዎቹን ማሳተም ጀመረ። ለሸክላ የሚሠራ ሰው ቤዙን ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል ይሰበስባል፣ «ስ» እና «ሽ»ን ያለዝባል። እኛ ዘንድ ደግሞ «ጭ» እና «ፅ» አሉ፤ የአማርኛ ግጥም መርፌ አይምርም። መርፌዋ ወደ ሸክላው መሐል በቀረበች ቁጥር ቦዩ በአንድ ዙር የሚያስሄደው ርቀት ስለሚያጥር ድምፁ ይሻክራል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለውን ዘፈን መጨረሻ ላይ ያደርጉታል።

ጓደኞችህ የሚወዱት ፕላስቲኩን ሳይሆን ይህን ጥንቃቄ ይመስለኛል። በዚያው ጥንቃቄ የተሠራ ሲዲ ስጣቸውና እያቸው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «ፍላክ፣ 24 ቢት» የሚል ፋይል አወርዳለሁ። ልዩነት ግን አይሰማኝም።

ሊሰማህም አይገባም። ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይጥል የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው፤ ኤምፒስሪ ደግሞ ፋይሉ እንዲያንስ ከድምፁ ይጥላል። አንተ የምታወርዳቸው ብዙዎቹ ከኤምፒስሪ ተገልብጠው ስማቸው የተቀየረ ናቸው። የጠፋው ድምፅ ሳጥኑ ስለሰፋ አይመለስም። እውነተኛ ፍላክ ቢሆንም እንኳ ተራው ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ስለሚለካ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ የቀጠነውን ድምፅ ይይዛል፣ የሰው ጆሮ ደግሞ በጤናው ጊዜ እስከ 20 ነው። በደንብ ማስተር የተደረገ ተራ ኤምፒስሪ ከተጨፈለቀ ፍላክ ሺህ ጊዜ ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ውድ ሄድፎን ልግዛ?

ያለህ ካልተሰበረ አትግዛ። ጥሩ ሄድፎን የተበላሸ ማስተርን የበለጠ ገላልጦ ነው የሚያሳይህ።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ የድሮ ዘፈን «ሪማስተርድ» (እንደገና ማስተር የተደረገ) ተብሎ ይለጠፋል። እውነት ነው?

አንዳንዱ እውነት ነው። አብዛኛው ቤዝና ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ) ተጨምሮበት ብቻ የተለጠፈ ነው። ሹሹታው እንዲጠፋ ማጽጃ አብዝተው ይጭኑበትና ድምፃዊው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ምልክቱ ይሄ ነው፦ የጸናጽሉን ጭራ አዳምጥ። ቀስ ብሎ ከመጥፋት ይልቅ እንደ አረፋ ፈንድቶ ከቀረ፣ ማጽጃው አብሮ በልቶታል።

በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ከፈለግህ ኃይሉ መርጊያን ፈልግ። በ1985 ለብቻው ኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫውቶ ካሴት አወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን ኢትዮጵያ ውስጥ አግኝቶ፣ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረውን ኃይሉን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። ሹሹታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አኮርዲዮኑ ግን ክፍልህ ውስጥ ይተነፍሳል። እኔ ብሆን የማደርገውን ነው ያደረጉት፤ ሲጠራጠሩ ትተውታል።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ዘፋኝ ነኝ። ማስተሪንግ ከፍዬ የተሰጠኝ ከሚክሱ የባሰ መሰለኝ። ምን ልበለው?

መጀመሪያ በእኩል ድምፅ አወዳድሪ። የሚጮኸውን ቅጂ ሚክሱን እስኪያክል ቀንሺውና ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ። ያኔም ከባሰ ልክ ነሽ። «ሊሚተሩን አላላልኝ» በይው። እምቢ ካለ ሚክሱን ይዘሽ ሌላ ሰው ጋ ሂጂ። ሚክሱን ስትቀበዪም ሊሚተር ያልተጫነበትን፣ ጫፉ ከጣሪያው ጥቂት ዲሲቤል ዝቅ ያለውን አስቀምጪ። ከተጫነ ወዲያ የሚፈታው የለም።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። የአንድ ወዳጄን የሠርግ ዘፈን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደክሞኝ ጨረስኩ። ክፍሌ ቤዝ ይውጥ ነበርና ቤዙን ጨመርኩበት። ሠርጉ ላይ ተገኘሁ። ዘፈኑ ሲከፈት ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንጫጫት ጀመሩ። ሙሽራው ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላድር የምሰጠው ሥራ የለም፤ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩን ለምኜ ሳልሰማውም አልለቅም።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ራሱ ማስተር የሚያደርግ ፕሮግራም አለ። እንዴት ነው?

ከ2014 ጀምሮ ላንደር የሚባለው አለ፤ አሁን ብዙ ናቸው። ለሙከራና ለማስታወቂያ ያስኬዳሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ ማሲንቆው ሆን ተብሎ እንዲሻክር እንደተፈለገ አያውቅም፤ ጉድለት መስሎት ያርመዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ አንድ ካርቶን ካሴት ትቶልኝ አልፏል። አንዳንዱ የትም አይገኝም። ምን ላድርገው?

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ከምንም በፊት ከካሴቱ ጀርባ ጥግና ጥግ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበራቸው፤ ማንም በስህተት እንዳይቀዳበት። ማጫወቻውን ከመክፈትህ በፊት ቴፑን የሚያነበውን ሄድና ቴፑን የሚስበውን ጎማ በአልኮል ጥረግ፣ ይድረቅ። ድምፁ ታፍኖ ከወጣ ትሬብል ለመጨመር አትቸኩል። የማጫወቻህ ሄድ ካሴቱ ሲቀዳ ከነበረው ትንሽ ዘንበል ብሎ ይሆናል። አጠገቡ ያለችውን ብሎን በትንሽ መፍቻ ድምፁ እስኪጠራ ቀስ አድርገህ አዙራት፤ ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና። ሩጫውንም ተመልከት። ማጫወቻው 6 በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ ግማሽ ቶን ይወጣል፤ ዘፋኙ የማታውቀው ጎረምሳ ይሆንብሃል።

በ24 ቢት ቅዳው፣ ምንም ማጽጃ ሳትነካ። ያንን ሁለት ቦታ አስቀምጥ። ማሳመሩን በሌላ ኮፒ ላይ ሞክር። ካሴት ላይ አባትህ በእጁ የጻፈው ነገር ካለ ሽፋኑንም ፎቶ አንሳው። አንዳንዱ ላይ በዘፈኖቹ መካከል ሬዲዮ የሚያወራ ወይም ሰው የሚያስል ይኖራል፤ እሱን እንዳትቆርጠው።