ጥያቄና መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ማን ይመርጣል?

አስመራጩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ምርጫ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። እንደምታውቁት ሜሪላንድ ውስጥ በምርጫ ቀን ጣቢያ ላይ እሠራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ መራጭ ሆናችሁ እንዳትመዘገቡ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ ታገሡኝ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ መራጭ ሆኜ መመዝገብ እፈልግ እንደሆነ ተጠየቅሁ። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። አዎ ብል ምን ይመጣል? የጠየቁኝ እነሱ አይደሉ እንዴ?

አስመራጩ፦ ጥሩ ጥያቄ። አይሆንም በል። ጥያቄው ለመጣው ሰው ሁሉ ሊቀርብ ይችላል፤ ስለተጠየቅክ ተፈቅዶልሃል ማለት አይደለም። በ1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ለመምረጥ ብሎ በሐሰት «ሲቲዝን ነኝ» ያለ ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ቋንቋው አስቸግሮኝ ነው ማለት እምብዛም አያድንም። ሲቲዝን ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ፣ ማለትም ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ፣ ድምፅ መስጠት ደግሞ እስከ 1 ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው።

የማውቃት አንዲት እህት ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ትጠይቃታለች። እሷም ወረፋውን ላለማስቆም «የስ፣ የስ» ትላለች። ፈርማ ወጣች። ከሳምንታት በኋላ የመራጭ ካርድ በፖስታ መጣላት። ደስ ብሏት ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው። አንድም ቀን አልመረጠችም። የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻው፣ ኤን-400 የምንለው፣ ግን መርጠህ ታውቃለህ ብቻ አይልም። ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል። እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ተንቀጠቀጠ። ስንት ወር ጠበቃ ቤት ተመላለሰች። ሰው ላታለል ብላ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ካርድ የመጣላችሁ ካላችሁ፣ አትምረጡ፣ ካርዱንም ቀዳችሁ አትጣሉ። ምንም ነገር ጽፋችሁ ከመላካችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ባለታክሲው፦ ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው ነገር እስካሁን አልገባኝም።

አስመራጩ፦ ባለፈው ሁለቴ አስረድቻለሁ። ባጭሩ፦ ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ብዛት አይደለም። 538 የኤሌክቶራል ድምፅ አለ፤ 270 ያገኘ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ድምፁ የሚከፋፈለው በየስቴቱ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ 2.9 ሚሊዮን ገደማ በልጣ የተሸነፈችው ለዚህ ነው። ዋና ከተማዋ ዲሲ ስቴት ሳትሆን 3 ድምፅ ያገኘችው በ1961 በጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 23ኛ ማሻሻያ ነው። ሴናተር ግን እስከ ዛሬ የላትም። ቀጥሉ።

የጆርጂያ አቬኑ ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ አትመዝገቡ ይላሉ። ዲሲ ያለ ጓደኛዬ ግን ሲቲዝን ሳይሆን በ2024 መርጫለሁ ይላል። ይዋሻል?

አስመራጩ፦ አይዋሽም። ነገሩ ደስ የሚለኝም እዚህ ላይ ነው። «የአሜሪካ ምርጫ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። ስቴቱም ከተማውም የየራሱ ደንብ አለው።

የዲሲ ምክር ቤት በ2022 ባወጣው ሕግ ሲቲዝን ያልሆነ ነዋሪ ለከንቲባና ለከተማ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል። የሚሰጠው ወረቀት ለብቻው ነው፤ የፕሬዚዳንት ምርጫ የለበትም። ኮንግረስ ውስጥ የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን ለመሻር ከአንዴም ሦስቴ ድምፅ ሰጥቷል። ኒውዮርክ ከተማም በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2025 ከስቴቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው።

ወደ ሰፈራችን ልምጣ። እዚህ ሜሪላንድ ያለችው የታኮማ ፓርክ ከተማ ከ1992 ጀምሮ ሲቲዝን ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማዋ ምርጫ ታስመርጣለች። በ2013 ደግሞ ዕድሜውን ወደ 16 ዝቅ አድርጋለች። አጠገቧ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ማዘጋጃ ቤት የላትም፤ በካውንቲው ሥር ናት። ስለዚህ መንገድ ተሻግሮ ያለው ጎረቤትህ በግሪን ካርዱ የከተማ ምክር ቤት አባል ሲመርጥ፣ አንተ ከዚህ ማዶ ቆመህ ታያለህ። ኪራዩ ያው፣ አውቶቡሱ ያው፣ ልጆቹም አብረው ኳስ ይጫወታሉ።

አዲስ ፈጠራ አይምሰላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ስቴቶች ሲቲዝን ለመሆን ያሰበ ስደተኛ እንዲመርጥ ይፈቅዱ ነበር። የመጨረሻዋ አርካንሶ ናት፤ በ1926 አቆመች። እኔ የታኮማ ፓርክን መንገድ እደግፋለሁ። ግብር የሚከፍል ሰው የሰፈሩ ቆሻሻ መቼ እንደሚነሳ የመናገር መብት አለው።

ግን! ለጓደኛህ ንገረው። በሕግ ተፈቅዶለት ቢመርጥም ኤን-400 ላይ መመዝገቡንም መምረጡንም በእውነት መጻፍ አለበት። ምን ዓይነት ምርጫ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ። ከመመዝገቡ በፊት ጠበቃ ቢያማክር ደግሞ የተሻለ ነው።

ዳላስ ነዋሪ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ አልስማማም። እንግዳ የቤቱን ጌታ አይመርጥም። እንዲያውም መታወቂያ ሳያሳዩ መምረጥ ራሱ ይገርመኛል። አገር ቤት የቀበሌ መታወቂያ ሳንይዝ መች መርጠን እናውቃለን? እዚህ ቴክሳስ መታወቂያ አሳይተን ነው የምንመርጠው፣ ማንም አልሞተም።

ሰናይት ዲሲ፦ አገር ቤት መታወቂያውን ቀበሌ ራሱ ይሰጥሃል። እዚህ ግን ስንቱ ሽማግሌ ነው መኪና የማይነዳው? ፓስፖርት የሌለውስ?

ዳላስ ነዋሪ፦ ባንክ ለመክፈት፣ መድኃኒት ለመውሰድ መታወቂያ ይዞ ይሄዳል አይደል? ለምርጫ ሲሆን ነው የሚከብደው?

ሰናይት ዲሲ፦ ባንክ መክፈት በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት አይደለማ!

አስመራጩ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ሁለት ነገር አደባለቃችሁ። መታወቂያ ማሳየት አንድ ነው። ስትመዘገብ የዜግነት ማስረጃ አምጣ መባል ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ስቴቶች ያደርጉታል፤ ዳላስ፣ ያንተን ሐሳብ አከብራለሁ። ሁለተኛውን ካንሳስ ሞክራው ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ማስረጃ አላመጣችሁም ተብለው ምዝገባቸው የታገደ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ተገኙ። ወደ 20 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ሲቲዝን ሳይሆኑ መመዝገባቸው የተረጋገጠው ደግሞ 39 ነበሩ። ዳኛዋ በ2018 ሕጉን ሻረች፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2020 አጸና። ክርክሩ አላለቀም። ተመሳሳይ ሐሳብ ለአገሩ በሙሉ እንዲሆን የተወካዮች ምክር ቤት በኤፕሪል 2025 አሳልፎታል።

ከ39ኙ መሃል እንደዚያች እህታችን ሳያውቁ የገቡ ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ። ለዚህ ነው አትመዝገቡ እያልኩ የምጮኸው።

ቶሎ ልወቅ፦ ቀጣዩን ምርጫ ማን ያሸንፋል?

አስመራጩ፦ ይህን አልመልስም።

ዘላለም፦ ጋሼ፣ እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፣ 6 ዓመቴ ነው፣ ግብርም እከፍላለሁ። ቨርጂኒያ ነኝ። መመዝገብ እችላለሁ?

አስመራጩ፦ ከላይ ያለውን ሳታነብ ነው የጠየቅከው። አትችልም። የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት መራጭ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት ይላል። 6 ዓመት ከሆነህ ዋናው ነገር ሲቲዝንሺፑን ማመልከት ነው። ዛሬ ማታ ጀምረው።

የእማዬ ልጅ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። በቅርቡ በአማርኛ ኢንተርቪው አድርጋ ሲቲዝን ሆናለች። እንግሊዝኛ ግን አታነብም። እንዴት ትመርጣለች? የአማርኛ ወረቀት ይሰጣል?

አስመራጩ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ይህ ጥያቄ ሳይመጣ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነበር።

የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ በሌላ ቋንቋ አዘጋጁ የሚለው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ ቋንቋዎችና ለአገሬው ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው። አማርኛ የለበትም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ታገለግላለች፤ ሌላው አካባቢ እንደየቦታው ነው። የዚያው የፌዴራል ሕግ ክፍል 208 ግን አለላችሁ። ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። የማይፈቀደው አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ ነው። ልጅም ይሆናል፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅም ይሆናል። እኛ ጋ ረዳቱ ፎርም ላይ ይፈርማል። ጣቢያ ላይ የሚከለክላችሁ ካለ ኃላፊውን ጥሩ።

አንድ ጊዜ ነጠላ የለበሱ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ስሞቹን አንድ በአንድ ያነብላቸዋል። እሳቸው ቀጥሎ ማን አለ፣ ቀጥሎስ እያሉ እስከ መጨረሻው አስነበቡት። ልጁ ብዕሩን ሊይዝላቸው እጁን ሲዘረጋ መለሱበት። «አንተ አንብብ፣ እኔ አጠቁራለሁ» አሉት። ክቧን ቀስ ብለው፣ ከመስመሯ ሳይወጡ ሞሏት። ከኋላቸው ወረፋው ረዝሞ ነበር። ማንም አላጣደፋቸውም።

እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። መነጽሯን እንዳትረሺ።