ባክቴሪያን ገድሎ ሕዋስን የማይጎዳ ሃይድሮጄል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቁስል ሲደርቅ ይድናል ሲባል ኖሯል፤ ታዲያ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ የሆነ ጄል ለምን ይደረግበታል?

መልስ፦ ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው የአሳማ ቆዳ ሙከራ፣ እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል ለአየር ከተጋለጠው ቀድሞ በአዲስ ቆዳ እንደሚሸፈን አሳይቷል። ይሁንና እርጥበት ለባክቴሪያም ይመቻል፤ የእኛ የጄል ሠሪዎች ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ የብር አዮን (ቻርጅ ያለው የብር ማዕድን አቶም) ብጨምርበት አይበቃም?

መልስ፦ ባክቴሪያውን በእርግጥ ይገድላል። ነገር ግን የብር አዮን አጥብቆ የሚይዘው ሰልፈር ያለባቸውን የፕሮቲን ክፍሎች በመሆኑና እነዚህም በሰው ሕዋስ ውስጥ ስለሚገኙ፣ መጠኑ ሲበዛ ቁስሉን የሚጠግኑትን ፋይብሮብላስቶች ጭምር ይጎዳል። ስለዚህ ከብሩ መኖር ይልቅ የአለቃቀቁ ፍጥነት ይወስናል፤ የያዘውን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያፈስ ጄል ሕዋሱን ጎድቶ፣ በማግስቱ ለባክቴሪያው የሚተርፈው ነገር አይኖረውም።

ጥያቄ፦ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራው ካይቶሳንስ?

መልስ፦ በአሲዳማ ሁኔታ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ ኔጋቲቭ ከሆነው የባክቴሪያ ገጽ ጋር ተጣብቆ ይጎዳዋል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ6.5 ገደማ ሲያልፍ (አሲድነቱ ሲቀንስ) ግን ቻርጁ ይመናመናል፤ ሥር የሰደደ ቁስል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያዘነብል፣ እዚያ ኃይሉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጄሌን ባክቴሪያ በሚበቅልበት የላቦራቶሪ ምግብ፣ በአጋር፣ ላይ ሳስቀምጠው በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት አልታየም። ሥራዬ ከሽፏል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቀለበቱ የሚታየው ከጄሉ ወጥቶ በአጋሩ ውስጥ የሚሰራጭ ነገር ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ በንክኪ የሚገድል ጄል በዚህ ሙከራ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ባክቴሪያውን በጄሉ ገጽ ላይ አድርገው ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ በሕይወት የቀሩትን ይቁጠሩ፤ ከአንድ ሚሊዮን አንድ ሺህ ከቀሩ 99.9 በመቶው ሞቷል።

ጥያቄ፦ ለሕዋስ ደህና መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ የሕክምና ቁሶች ለሕዋስ መርዛማ መሆናቸው በሚፈተንበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በአይሶ 10993-5፣ መሠረት ጄሉ የተዘፈዘፈበት ፈሳሽ ለሕዋሶች ይሰጣል፤ ሕያውነታቸው ፈሳሹ ካልተሰጣቸው የንጽጽር ሕዋሶች 70 በመቶ በታች ከወረደ መርዛማነት አለው ይባላል። ሕያውነትን በቀለም ለውጥ በሚለካው የኤምቲቲ ምርመራ ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ቀለም ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ የብር ናኖ ቅንጣቶች ግን ንባቡን ሊያዛቡ ስለሚችሉ ሕዋሶቹን በማይክሮስኮፕ ማየትን አይተዉ። የጄሉን ሰንሰለቶች እርስ በርስ የሚያስተሳስረው አገናኝ ኬሚካል ግሉታራልዴሃይድ ከሆነ፣ በደንብ ሳይታጠብ የቀረው ትርፍ ብቻውን ሕዋሶቹን ሊገድል ይችላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ባክቴሪያው በከፍተኛ፣ ሕዋሱ ደግሞ በዝቅተኛ መጠን ተፈትኖ «ሁለቱንም ያሟላል» መባሉ ነው፤ ሁለቱም የሚፈተኑት በአንድ ዓይነት መጠንና በአንድ ዓይነት የቆይታ ጊዜ መሆን አለበት።