ሚኒስትሩ ሲለቁ ባለሙያዋ ምን ትሆናለች?

ውድ እኅታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከመሐል ሜዳ መጥተሽ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ ስትመረቂ በአንድ የፌዴራል ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መቀጠር እንደምትፈልጊ፣ አጎትሽ ግን «የሚኒስትሮቹን መጨረሻ አላየሽም? ይልቅ ሒሳብ አያያዝ ተማሪ» እያሉ እንደሚቃወሙሽ ጽፈሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ደግሞ ስለ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ሥልጣን መልቀቅ ነው። ስለዚህም ሰዎቹ በእርግጥ ለምን እንደለቀቁ፣ እንዲህ ያለ ሥራስ ለአንዲት ወጣት ዋስትና ይኖረው እንደሆነ ጠይቀሻል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ስለሆኑ አብሬ እመልሳቸዋለሁ።

አጎትሽ በልባቸው የያዙት የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን መጨረሻ ሳይሆን አይቀርም፤ ለሰሜን ሸዋ ሰው ታሪኩ ቅርብ ነው። አክሊሉ የቡልጋ ሰው የነበሩ ካህን ልጅ ናቸው። በግብፅ ተምረው፣ በፓሪስ ሕግ አጥንተው፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ካገለገሉ በኋላ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ 13 ዓመት ያህል በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ቆዩ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው አመፁ። የካቲት 11 ቀን መምህራን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅዱን በመቃወም፣ የታክሲ ነጂዎች ደግሞ በቤንዚን ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎችም አደባባይ ወጡ። የወሎው ረኀብ ያስነሣው ቁጣ ገና አልበረደም ነበር። አመፁ በአሥመራ ወደ ነበረው ጦር ሲዛመት፣ የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. ካቢኔው ሥልጣኑን ለቀቀ።

ይህን ቅደም ተከተል ብቻ የሚያነብ ሰው ካቢኔው በአንድ ሳምንት ግርግር ወደቀ ሊል ይችላል። እኔ የማምነው ምክንያቱ ከዚያ የቆየ መሆኑን ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮችን መርጠው እንዲያቀርቡ ቢፈቀድላቸውም የመጨረሻው ቃል ከቤተ መንግሥት አልወጣም። ረኀቡ፣ የኑሮ ውድነቱና የወታደሩ ደመወዝ ጥያቄ በመጣ ጊዜ ግን ሕዝቡ የጠየቀው ካቢኔውን ነው። የአክሊሉ መልቀቅ ዙፋኑን ከቁጣው ለመከለል የተከፈለ ዋጋ ነበር፤ ዙፋኑንም አላዳነውም፤ የተተካው የልጅ እንዳልካቸው መኰንን ካቢኔም ከሐምሌ አላለፈም። አክሊሉ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከብዙ ሹማምንት ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። አጎትሽ የሚፈሩት ይህን ነውና ፍርሃታቸውን አትናቂው።

የ2010ሩን ደግሞ አንቺም በልጅነትሽ ሰምተሽዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን መልቀቂያ ማስገባታቸውን ሲያስታውቁ የመፍትሔው አካል ለመሆን እንደሆነ ተናገሩ፤ በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መጋቢት 24 ቀን ተተኪያቸው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። እዚህም ብትመረምሪ ምክንያቱ ከመግለጫው በፊት ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተጀመረውና ወደ አማራ ክልል የዘለቀው ተቃውሞ፣ በ2009 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወቅቱ ገዥ ግንባር በነበረው በኢሕአዴግ አራት አባል ድርጅቶች መካከል የነበረው የኃይል ሚዛን መናጋት አለ። ኃይለማርያም የግንባሩ ሊቀ መንበር ሆነው በስም የበላይ ቢሆኑም፣ ዋናዎቹ ውሳኔዎች በድርጅቶቹ ስምምነት ላይ የሚቆሙ ነበሩ፤ ስምምነቱ ሲጠፋ ኃላፊነቱ ብቻ በእጃቸው ቀረ።

ሦስተኛው ዓይነት የኅሊና መልቀቅ ነው። የደርግ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሎኔል ጎሹ ወልዴ በጥቅምት 1979 ዓ.ም. ኒውዮርክ ሳሉ መንግሥታቸው የያዘውን መንገድ በመቃወም ለቀቁ። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው፤ ጽሑፍሽ ውስጥ ግን ከሁለቱ ለይተሽ አስቀምጪው፣ ምክንያቱም እዚህ ሰውዬው ሥልጣን ስላነሳቸው ሳይሆን በሥልጣናቸው የሚሠራውን መሸከም ስላልቻሉ ነው የሄዱት።

ስለዚህ «በፈቃዳቸው ለቀቁ» የሚለው የዜና ዐረፍተ ነገር ላይ አትቁሚ። ሰውየው የሚጠየቁበትና የሚወስኑበት ነገር ተመጣጣኝ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ ለሚኒስትሮች ብቻ አትተዪው፤ የራስሽን የሥራ ሕይወት የምትመሪበትም ይሁን። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆና በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) እየፈረመች ዕቃ የምትረከብ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ግን በሌላ ሰው እጅ ያለ ልጅ፣ ዕቃ የጎደለ ዕለት ተጠያቂዋ እርሷ ናት። የአክሊሉም የኃይለማርያምም ችግር በመጠን እንጂ በባሕርይው ከዚህ አይለይም። ቅጥር ሲቀርብልሽ፣ ከደመወዙ በፊት የሥራ መዘርዝሩን ጠይቂ፤ በምን እንደምትጠየቂና በምን ላይ መወሰን እንደምትችዪ በጽሑፍ ካልተለየ፣ ከመፈረምሽ በፊት እንዲለይልሽ በአክብሮት አመልክቺ።

ወደ ዋስትናው ጥያቄ ስንመጣ፣ አጎትሽ ያልለዩት ነገር አለ። ሹመትና ቅጥር አንድ አይደሉም። ሚኒስትር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተቀባይነት አግኝቶ ይሾማል። የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለሚሰጡት ውሳኔ የጋራ ኃላፊነት እንዳለባቸው ስለሚደነግግ፣ አንድ ሚኒስትር በካቢኔው ውሳኔ ካልተስማማ ተሸክሞት መቆየት ወይም መልቀቅ ነው ያለው። አንቺ ግን በውድድር የምትቀጠሪ ባለሙያ ነሽ። አገናኝሽ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሽ ቋሚ ከሆንሽ፣ ሚኒስትሩ መልቀቃቸው ብቻውን የአንቺን የሥራ መደብ አይነካም። መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ወይም ከሌላ ጋር ሲዋሐድ ድልድል መምጣቱ አይቀርም፤ በድልድል የሚያቆምሽ ግን ማን እንደሚያውቅሽ ሳይሆን ሰነድሽ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትሽና የትምህርት ዝግጅትሽ እንዲሆን አድርጊ።

ለዚህ ነው አንድ ነገር አጥብቄ የማሳስብሽ፤ የመጀመሪያ ሥራሽ በአንድ ባለሥልጣን ጽሕፈት ቤት የልዩ ረዳትነት ቦታ አይሁን። ቦታው ክብር አለው፣ ስብሰባና ጉዞ አለው፣ ወጣትንም ይማርካል፤ ነገር ግን ከሰውየው ጋር የገባ ከሰውየው ጋር ይወጣል፣ ሲወጣም «የእገሌ ሰው» የሚል ስም ይከተለዋል። በዕቅድ፣ በሕግ ወይም በጥናት ዳይሬክቶሬት ውስጥ በጀማሪ ባለሙያነት ብትገቢ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ለውሳኔ የሚቀርብ አጭር ማስታወሻ መጻፍ፣ በጀት ማንበብና መረጃን በኤክሴል ማደራጀት ትማሪያለሽ፤ ይህን የሚችል ሰው የትኛውም ሚኒስትር ቢመጣ ይፈለጋል። ኃይለማርያምም ከፖለቲካ በፊት በአርባ ምንጭ የውኃ ምሕንድስና መምህርና የተቋም ኃላፊ ነበሩ፤ ከሥልጣን የሚወጣ ሰው የሚመለስበት ሙያ ሲኖረው መልቀቅን የሚያስበው በሌላ ልብ ነው። ጎን ለጎን ሒሳብ አያያዝ በማታ መማርሽን ግን እኔም እደግፋለሁ፤ በጀት የሚያነብ የፖሊሲ ባለሙያ በየመሥሪያ ቤቱ ብርቅ ነው። ይህን ለአጎትሽ ንገሪያቸው።

አሁን ከሁሉ የሚቀድመው የመውጫ ፈተናው ነው፤ ያለ እርሱ ማመልከቻሽ አይታይም። ከፈተናው በኋላ የፌዴራል ማስታወቂያ እስኪወጣ ቤት አትቀመጪ፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን ካሉት የዞን መምሪያዎች በአንዱ ለተግባር ልምምድ ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዘሽ አመልክቺ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢም «አለቃሽ ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር እንድትፈርሚ ቢያዙሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ስለሚችል ተዘጋጂ። መልሱ «እለቃለሁ» ብቻ አይሁን፤ መጀመሪያ ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ እንደምትጠይቂ፣ የማትስማሚበትን ምክንያት በማስታወሻ ለቅርብ ኃላፊሽ እንደምታቀርቢ፣ ካልተሰማሽ ወደ ሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ እንደምትሄጂ፣ መልቀቅ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ እንደሆነ በቅደም ተከተል አስረጂ። የማመልከቻሽን ረቂቅና የሕይወት ታሪክሽን ከፈተናው በፊት ብትልኪልኝ አይቼ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።