የእንግሊዝ ኤል፣ ሳይደርና አረፋማ ወይን አቀማመስ

ጥያቄ፦ በሥራ ምክንያት እንግሊዝ አገር በሰነበትኩበት ጊዜ፣ ባልደረቦቼ የአገሩን ባህላዊ መጠጦች ወደምንቀምስበት ዝግጅት ጋብዘውኝ ነበር። መጀመሪያ ኤል የተባለው የቢራ ዓይነት በእጅ ፓምፕ ተቀድቶ ቀረበልኝ፤ ቅዝቃዜም አረፋም ስላልነበረው የተበላሸ መስሎኝ ግማሹን ተውኩት። ቀጥሎ የመጣው ሳይደር የተባለው የፖም መጠጥ አፌን አኮማተረው፣ በመጨረሻ የተቀዳው አረፋማ ወይን ደግሞ እጅግ ጎመዘዘኝ። በቅርቡ ተመልሼ ስለምሄድ፣ ጉድለቱ የመጠጦቹ ይሁን የእኔ አቀማመስ እንዲያስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ከገለጻዎ እንደምረዳው ከሦስቱ አንዱም የተበላሸ አይመስልም። ይልቁንም የቀረቡበት ቅደም ተከተል ጎድቶዎታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኤሉ በመጠኑ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙ እንግዶች ያለጥፋቱ የሚፈርዱበት መጠጥ ነውና። ባህላዊው የእንግሊዝ ኤል ከጠመቃ ፋብሪካው ሲወጣ ገና አላለቀም። እርሾው በሕይወት እንዳለ ወደ በርሜል ይገባል፣ ፐብ በሚባለው መጠጥ ቤት ምድር ቤት ውስጥም ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላል። በውስጡ ያለው ጋዝ እርሾው ራሱ የፈጠረው ብቻ ስለሆነ አረፋው ለስላሳና ጥቂት ነው። የሚቀዳበት ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ይህም የምድር ቤቱ ቅዝቃዜ ነው። ከዚያ በታች ቢቀዘቅዝ ምላስ ይደነዝዛል፣ የብቅሉ ጣዕምና ሆፕ ከተባለው መራራ አበባ የሚገኘው መዓዛም ይታፈናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትልልቅ ጠማቂዎች ተጣርቶ፣ በሙቀት ታክሞና በጋዝ ተገፍቶ ወደሚቀዳው ቢራ በብዛት ሲያዘነብሉ፣ አራት ወዳጆች እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመሩት ካምራ የተባለው ማኅበር የበርሜሉን ኤል ከመጥፋት ለመታደግ ተነሣ። ዛሬ በየፐቡ የእጅ ፓምፕ የሚታየው በአብዛኛው በዚያ ጥረት ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እውነተኛ ብልሽት ግን አለ። ከበርሜሉ በተቀዳው ኤል ምትክ አየር ስለሚገባ፣ አንድ በርሜል ከተከፈተ በኋላ በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ መጠጣት ይኖርበታል። የሆምጣጤ ወይም የረጠበ ካርቶን ሽታ ከሸተተዎ ብርጭቆውን በትሕትና ይመልሱ፤ ደንበኛ አክባሪ ፐብ ይለውጥልዎታል። ሳይገዙ በፊት ጥቂት ለመቅመስ መጠየቅም በብዙ ቤት እንደ ነውር አይታይም። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሕጉ ግን በሲሶ ፓይንትም መሸጥን ስለሚፈቅድ፣ ለቀማሽ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። በኬንት ግዛት ስም ያተረፉትን ጎልዲንግና ፈግል የተባሉ የሆፕ ዝርያዎች ለማወቅ ቢተር በሚባለው ኤል ይጀምሩ፣ ጥቁሩን ፖርተር ለመጨረሻ ያቆዩት።

ሳይደሩ አፍዎን ያኮማተረው ታኒን በተባለው ንጥረ ነገር ምክንያት ነው፤ በጣም የቆየ ሻይ ምላስን እንደሚያደርቀው ያለ ስሜት ነው። በሶመርሴትና በሄርፎርድሺር ለባህላዊው ሳይደር የሚተከሉት ፖሞች፣ ለምሳሌ ዳቢኔትና ኪንግስተን ብላክ፣ በጥሬው ለመብላት የሚመረጡ አይደሉም። በብሪስቶል አቅራቢያ የነበረው የሎንግ አሽተን የምርምር ጣቢያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖሞቹን እንደ አሲዳቸውና እንደ ታኒናቸው መጠን ጣፋጭ፣ መራራ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛና መራራ ጎምዛዛ ብሎ በአራት ከፍሏቸዋል። ጎበዝ ሳይደር ሠሪ የሚለየውም እነዚህን አመዛዝኖ በመቀላቀሉ ነው። የመጀመሪያው ፉት ምላስን ማስተዋወቂያ ብቻ ስለሆነ ፍርዱን ለሁለተኛው ያቆዩ፤ የዚያው የሶመርሴት ልጅ የሆነው የቼዳር አይብ አብሮ ቢቀርብ ታኒኑ ይለዝባል። ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ፤ የብሪታንያ ደንብ 35 በመቶ ጭማቂ ብቻ ያለውንም ሳይደር ብሎ መሸጥን ይፈቅዳልና፣ ሙሉ በሙሉ ከጭማቂ የተሠራውን መምረጥ ይበጃል።

የወይኑ መጎምዘዝ የመጣው ከአገሩ ብርድ ነው። በሱሴክስ፣ በኬንትና በሃምፕሺር ወይኑ ቀስ ብሎ ስለሚበስል አሲዱን ይዞ ይቆያል። ብዙዎቹ ተክሎች የቆሙበት የጠመኔ አፈር ሻምፓኝ ከሚመረትበት የፈረንሳይ አውራጃ አፈር ጋር ይመሳሰላል፤ ዝርያዎቹም ሻርዶኔ፣ ፒኖ ኗርና ፒኖ ሜኒየር ናቸው። በምዕራብ ሱሴክስ ናይቲምበር በተባለው ርስት እነዚህ ዝርያዎች የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። ወይኑ እንደ ኤሉ ሁሉ ሁለተኛውን መብላላት የሚያደርገው በመቀጃው ዕቃ፣ ማለትም በጠርሙሱ ውስጥ ነው። በእርሾው አተላ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ በቆየ ቁጥር ጉምዝዝናው ይበርድና የተጠበሰ ዳቦ መዓዛ ያወጣል፤ ስለዚህ በዓመታት የበሰለውን ይጠይቁ፣ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ድረስም ብቻ ያቀዝቅዙት። እንግሊዛዊው ሐኪም ክሪስቶፈር ሜሬት፣ ነጋዴዎች ወይን እንዲያረፋ ስኳር እንደሚጨምሩበት እ.ኤ.አ. በ1662 ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ገልጿል፤ ይህም ሻምፓኝን ፈጠረ ተብሎ በተለምዶ የሚነገርለት ፈረንሳዊ መነኩሴ ዶም ፔሪኞ ኦቪሌ ገዳም ከመግባቱ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በከሰል ድንጋይ እሳት የሚሠራው የእንግሊዝ ጠርሙስም ግፊቱን የሚችል ጠንካራ ነበር።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አረፋማውን ወይን ምላስዎ ገና ንጹሕ ሳለ ያስቀድሙ፤ ሳይደሩ ይከተል፣ ኤሉ ከቀላሉ ወደ ጥቁሩ እየሄደ ያብቃ። የእርስዎ ወይን ከታኒኑ በኋላ ስለመጣ አሲዱ ከልክ በላይ ጎልቶብዎታል።

ጥያቄ፦ ኤልን ለማጥለል ዓሣ ይጨመራል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከእንስሳት የተገኘ ነገር ለማይወስድ ሰውስ ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ እውነት ነው። አይሲንግላስ የሚባለው ማጥለያ የሚዘጋጀው ከደረቀ የዓሣ የአየር ከረጢት ነው፤ ድፍርሱን እርሾ እየሰበሰበ ወደ በርሜሉ ሥር ያወርደዋል። አተላው ከታች ስለሚቀር ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ጨርሶ ለማይፈልግ ሰው ያለ ማጥለያ የሚቀርብ ኤል አለና ቀጂውን ይጠይቁ። እንዲህ ያለው ኤል ደፍረስ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ ሽታውና ጣዕሙ ንጹሕ ከሆነ ድፍርስነቱ እርሾው ብቻ ነው።