ባል ካናዳ የወሰደው ዌልፌር የሚስትን ቪዛ ያስከለክላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለቤቴ የካናዳ ቋሚ ነዋሪ ሲሆን ቶሮንቶ ይኖራል። ስፖንሰር ሊያደርገኝ ፎርም እየሞላን ነው። ሥራ አጥቶ በነበረበት ጊዜ ለ14 ወር ዌልፌር (መንግሥት ለተቸገረ ሰው የሚሰጠውን የኑሮ ድጎማ) ወስዷል። ካቆመ 9 ወሩ ነው፤ አሁን መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ፎርሙን የሚሞላልን ጉዳይ አስፈጻሚ «ዌልፌር መውሰዱ ከታወቀ ይከለክሏችኋል፤ ያኔም ሥራ ላይ ነበር ብለን እንጻፍ» ይለናል። እኔም በከተማ ሴፍቲኔት ታቅፌ መንገድ ስጠርግ ነበር፤ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜም የእርዳታ ስንዴ ተቀብያለሁ። ይህስ ይጻፋል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ እውነቱ አይጎዳችሁም። የሚጎዳችሁ ሰውዬው የሚመክራችሁ ውሸት ነው።

የካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ አንቀጽ 133 ስፖንሰር የሚሆን ሰው ሊያሟላቸው የሚገቡትን ነገሮች ይዘረዝራል። ከእነሱ አንዱ፣ ከአካል ጉዳት ውጭ በሆነ ምክንያት ዌልፌር ላይ አለመሆን ነው። «ወስዶ የማያውቅ» አይልም፤ «እየወሰደ ያልሆነ» ነው የሚለው። ባለቤትዎ የሚፈርሙበት አይኤምኤም 1344 የተባለው ፎርምም የሚጠይቀው አሁን እየወሰዱ መሆን አለመሆናቸውን ነው። ስለዚህ «አይደለም» ብለው ቢመልሱ አልዋሹም።

ይህ እንዲሆን ግን የዌልፌር ፋይላቸው በእርግጥ የተዘጋ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወርሃዊው ገንዘብ ቆሞ የጥርስ ወይም የመድኃኒት ድጋፉ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፤ ደንቡ ደግሞ ዌልፌር የሚለው ክፍለ ሀገሩ በዚያ ፕሮግራም የሚሰጠውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዕቃና አገልግሎትንም ነው፤ ጥርስና ዓይን በስም ተጠቅሰዋል። ባለቤትዎ ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር ዌልፌር በሚሰጠው ፕሮግራም፣ በኦንታሪዮ ወርክስ፣ ፋይላቸውን ይዞ ለነበረው ሠራተኛ ደውለው፣ ፋይሉ የተዘጋበትን ቀንና ምንም ዓይነት ድጋፍ እንዳልቀጠለ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ። ሌላው፣ መስፈርቱ የሚታየው ማመልከቻው በገባበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ነው። በመሃል ሥራቸው ቢቋረጥና ወደ ዌልፌር ቢመለሱ ማመልከቻው ይወድቃል። እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ከመጣ ሠርተው ያጠራቀሙትን የሥራ አጥ መድን ይውሰዱ፤ እሱ ዌልፌር አይደለም። የልጆች አበልም አይደለም። በአካል ጉዳት ምክንያት የሚሰጠው ድጎማ ደግሞ ስፖንሰር ከመሆን አያግድም።

«ታዲያ ባይጠየቅ ለምን እናነሳዋለን?» ትሉ ይሆናል። ስለሚታይ ነው። ከማመልከቻው ጋር ባለቤትዎ የመጨረሻውን ዓመት የግብር ማስረጃ፣ ኦፕሽን ሲ የሚባለውን ከካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ የሚወጣ ወረቀት ያያይዛሉ። ዌልፌር የወሰደ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ቲ5007 የሚባል ወረቀት ይደርሰዋል፤ በሣጥን 11 የተጻፈው መጠን የግብር ማስታወቂያው መስመር 14500 ላይ ይገባል። ባለቤትዎ ካቆሙ 9 ወር ብቻ ስለሆናቸው ያ ቁጥር በሚያያዘው ወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ በአንድ በኩል «በዚያ ጊዜ ሥራ ላይ ነበር» የሚል ፎርም፣ በሌላ በኩል ዌልፌር የሚያሳይ የግብር ወረቀት መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይታይዎት።

መዘዙ የሚያርፈው በእርስዎ ላይ ነው። የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ሕግ አንቀጽ 40 በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ጉዳዩን የሚነካ ሐሰት ያቀረበን አመልካች 5 ዓመት ያግዳል። «በተዘዋዋሪ» የሚለው ቃል ስፖንሰሩን፣ ጉዳይ አስፈጻሚውን፣ ደላላውን ሁሉ ይይዛል። ሰውዬው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ 5 ዓመት ደሴ ተቀምጠው የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት። ሐሰቱ ቀድሞ ገብቶ ከሆነም ሳይደርሱበት በኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ በዌብፎርም እርማት ይላኩ። ከኢሚግሬሽኑ ጥርጣሬውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ በተጻፈው ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ።

ስለዚህ አንድ ገጽ የማብራሪያ ደብዳቤ ይጻፍ፦ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ወስጃለሁ፣ ምክንያቱ ሥራ ማጣት ነበር፣ በዚህ ቀን ሥራ ጀምሬ ፋይሉ ተዘግቷል። መዝጊያው ደብዳቤ፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀቶችና የሥራ መደቡን፣ የሳምንት ሰዓቱን፣ ክፍያውንና የተቀጠሩበትን ቀን የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ ይከተሉት። ለትዳር ጓደኛ ብቻ ስፖንሰር የሚሆን ሰው የተወሰነ ዝቅተኛ ገቢ አይጠየቅም፤ ሆኖም የዚያው ሕግ አንቀጽ 39 «ራሷን ችላ ትኖራለች ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ስለሚያስነሳ እነዚህ ወረቀቶች ይጠቅማሉ።

ባለቤትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ስፖንሰር አድርገው ያውቃሉ? ለትዳር ጓደኛ የሚፈረመው ግዴታ 3 ዓመት ነው፣ በፍቺም አይቀርም። የቀድሞ ሚስት በዚያ ጊዜ ዌልፌር ወስዳ ከሆነ ዕዳው የእሳቸው ነው፤ ሳይከፈል ሌላ ሰው ስፖንሰር ማድረግ አይቻልም።

ከዌልፌሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ኒካህ ያሰራችሁት መቼ ነው? ባለቤትዎ ካናዳ ቋሚ ነዋሪ ሆነው ሲገቡ ኒካህ ታስሮ እያለ «ያላገባሁ» ብለው ሞልተው ከሆነ፣ በደንቡ አንቀጽ 117(9)(መ) ያልተገለጸች ሚስት ከቤተሰብነት ውጭ ትሆናለች። «ኒካህ ብቻ ነው፣ ቀበሌ አልተመዘገበም» ማለት አያድንም። እንዲህ ከሆነ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት የካናዳ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ጋብቻው ከዚያ በኋላ ከሆነ ስጋት የለም፤ በቀበሌ አስመዝግባችሁ የምስክር ወረቀቱን አስተርጉሙ።

የእርስዎን በተመለከተ፣ የሴፍቲኔቱ ክፍያም ሆነ ስንዴው በካናዳ ደንብ ዌልፌር አይባልም፤ ደንቡ የሚናገረው የካናዳ ክፍለ ሀገር ስለሚሰጠው ነው። ነገር ግን እርስዎ የሚሞሉት አይኤምኤም 5669 የተባለው ፎርም ያለፉትን 10 ዓመታት፣ 18 ዓመት ከሞላዎት 10 ዓመት ካልሞላም ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ወር ሳይዘለል ይጠይቃል። በሴፍቲኔት የጠረጉበትን ጊዜ «የከተማ ሴፍቲኔት የአካባቢ ልማት ሥራ» ብለው፣ ከሥራ ውጭ የነበሩበትን «ሥራ አልነበረኝም» ብለው ይጻፉ። ስንዴው የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ቀኖቹን ሲቀይሩ ይጠንቀቁ፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። መስከረም 2014 ሴፕቴምበር 2021 ነው፤ የካቲት 2014 ግን ፌብሩዋሪ 2022። አድራሻም እንዲሁ ክፍተት አይፈቀድለትም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ከደሴ ወጥተው ዘመድ ቤት ተጠልለው ከነበረ፣ ሁለት ወር እንኳ ቢሆን፣ ከተማውንና የገቡበትንና የወጡበትን ወር በራሱ መስመር ይጻፉት።