ማሳጅ ማሽኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ አልጋው፣ ወንበሩና ማንኪያው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላየው ሰው ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ 64 ዓመታቸው ነው፤ ስትሮክ ከመታቸው 5 ሳምንት ሆኗል። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ንግግራቸው ተቆራርጧል፣ ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፣ ቀኝ ትከሻቸውን ያማቸዋል። ከሆስፒታል ወጥተው መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው ቤታቸው ተኝተዋል። የጠየቅሽው ደግሞ «የኤሌክትሪክ ማሳጅ ማሽን ገዝተን እንላክ ወይስ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒ እናመላልሳቸው?» ብለሽ ነው።

ሁለቱንም አልመክርሽም። የተጎዳው ጡንቻው አይደለም፣ ጡንቻውን የሚያዘው አንጎል ነው። አንጎል ደግሞ አዲስ መንገድ የሚያበጀው ሰውየው ራሳቸው አንድን ነገር ለማድረግ ደጋግመው ሲሞክሩ እንጂ ተኝተው ሲታሹ አይደለም። ምልልሱም ቢሆን ጣርማ በርን አልፎ አዲስ አበባ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ መዋል ነው፤ ለአንድ ሰዓት ስፖርት ተብሎ ሁለት ቀን ይደክማሉ። ይልቅ ደብረ ብርሃን ላይ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ፈልጊና በወር አንዴ ይታዩ። አብሯቸው የሚሄደው ግን አንቺ ሳትሆኚ ቤት ውስጥ የሚያነሳቸውና የሚያበላቸው ሰው ይሁን፤ ትምህርቱ ለእሱ ነው። ጤና መድህን ካላችሁ ከቅርቡ ጤና ተቋም ሪፈር ማጻፉን አትርሱ፣ ያለዚያ ወጪው በእናንተ ላይ ይወድቃል። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ እስከ 6 ወርና ከዚያም በኋላ በዝግታ ይቀጥላል። ስለዚህ አሁን ያላችሁበት ጊዜ ወርቅ ነው።

ከትከሻው እንጀምር፣ ቤት ውስጥ በብዛት የሚበላሸው እሱ ስለሆነ። የትከሻ መገጣጠሚያ ቦታው ላይ የሚቆየው በዙሪያው ባሉ ጡንቻዎች ነው። እነሱ ሲላሉ የክንዱ ክብደት ብቻውን አጥንቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። ትከሻቸው ላይ ጣትሽን ብታሳርፊ፣ ከጫፉ አጥንት ሥር ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ነገር ልታገኚ ትችያለሽ። በዚያ ላይ አንዱ መጥቶ «አባባ ተነሱ» ብሎ በእጃቸው ወይም በብብታቸው ሲስባቸው ያለው ጅማት ይጎዳል። ስለዚህ ቀኝ እጃቸውን ይዞ የሚጎትት ሰው እንዳይኖር፣ ሊጠይቅ ለሚመጣውም ጎረቤት ንገሩ። ለመነሳት ሁለቱን ጉልበታቸውን ያጥፉ፣ ወደ ግራ ጎናቸው ይዙሩ፣ እግራቸው ከአልጋው ይውረድ፣ በግራ ክርናቸው ገፍተው ይቀመጡ። ረዳቱ የሚይዘው ወገባቸውን ነው። የእናትሽ መቀነት ወገባቸው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ ብሎ ቢዞር ለሁለት እጅ የሚሆን ጥሩ መያዣ ይወጣዋል። ረዳቱ በደካማው ጎን፣ በቀኝ በኩል ይቁም፤ እሳቸውም አንገቱ ላይ አይጠምጠሙ፣ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ።

ሲቀመጡ ክንዳቸው በአየር ላይ አይንጠልጠል፣ ጭናቸው ላይ ትራስ አድርጋችሁ አሳርፉት። ሲተኙ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጡ። በደካማው ጎናቸው መተኛት ይችላሉ፣ ትከሻው ከሥር እንዳይታጠፍ ወደ ፊት ሳብ ተደርጎ። ልብስ ሲለብሱ ደካማው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ወጌሻ አትጥሩ። እጁን ወደ ላይ እየወዘወዘ «ቦታው ላይ መልሼዋለሁ» የሚል ወጌሻ የባሰ ነገር ትቶ ይሄዳል። ዳይክሎፌናክም ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትስጡ፤ ግፊት ይጨምራል፣ ስትሮክ ለነካው ሰው ደግሞ ሌላም አደጋ አለው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። ባታቸው በአንድ በኩል ብቻ ካበጠና ከሞቀ ግን ማሸት ክልክል ነው፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ትንታው ከትከሻው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ስትሮክ የመታውን ሰው ኋላ ላይ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ የሚያመጣው የሳንባ ምች ነው። ተጋድመው ምንም አይዋጡ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ እንደተቀመጡ ይቆዩ። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላቸው አታብሉ። በሻይ ማንኪያ፣ ግማሽ ግማሽ፣ ከግራ በኩል ስጡ፤ አንዱ ሳይዋጥ ሌላው አይከተል። ቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ተደብቆ ስለሚቀር በየመሀሉ እዩ። ሰዎች የሚሳሳቱት ቀጭኑ ይቀላቸዋል ብለው ነው፤ በጣም የሚያስቸግረው ቀጭን ነገር ነው፣ ቶሎ ስለሚሮጥ። ውሃና ሻይ ከሚያስላቸው፣ ወፈር ያለ አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎ፣ እርጎ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት ይሻላቸዋል። የመንዝ ገብስ ቆሎና ደረቅ ጭብጦ ለጊዜው ይቅርባቸው፣ የሚበተንና የሚደርቅ ነገር ሁሉ እንዲሁ። ግን ውሃ እንዳያጡ ተጠንቀቁ፣ አጥሚቱን ደጋግሙት። ጥርስና ምላሳቸው ጠዋትና ማታ ይጽዳ፤ አፍ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሳንባ ሲገባ ነው ምቹ የሚብሰው።

ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ውሃ ያለ የሚመስል ዓይነት ከሆነ፣ ባያስላቸውም እንኳ እየገባ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ትኩሳትና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከተጨመረበት ሌሊትም ቢሆን ውሰዷቸው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ለግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ደረቅ ሳል ያመጣል። ያኛው ሳል ከምግብ ጋር አይገናኝም፣ ቀንም ሌሊትም ይመጣል። እንደዚያ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይረዋል፣ እናንተ ግን በራሳችሁ አታቁሙት።

ጠበልን በተመለከተ ከታች አስተያየት ከሰጡት አንድ ወንድም «ጻድቃኔ ማርያም ውሰዷቸው» ብሏል፣ ሌላው ሸንኮራ ዮሐንስ። እምነቱን የሚከራከር የለም። ግን ጠበልም ለሚጠጣው ጉሮሮ ቀጭን ውሃ ነው፤ በጣሳ አንቆርቁሮ መስጠት ያንቃል፣ በማንኪያ ይሁን። ተጠማቂው በእርጥብ ድንጋይ ላይ እንዳይወድቅ ሁለት ሰው ይያዘው፣ ወዲያው ይድረቅ። ኪኒኑ በጠበል ሰበብ አንድ ቀን እንኳ አይዘለል። ጾሙን በሚመለከት የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ።

አሁን እንቅስቃሴው። ከሁሉም የሚጠቅመው ቁጭ ብሎ መነሳት ነው፤ ሽንት ቤት መሄድም ሆነ ደጅ መውጣት የሚጀምረው ከእሱ ነውና። መደቡ ዝቅ ስለሚል አይሆንም፣ ዱካውማ ጭራሽ። 45 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ፤ ካነሰ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ከፍ አድርጉት። ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ ተረከዙ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳብ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪደርስ ጎንበስ ይበሉና ይነሱ። ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ ለመነሳት ይሞክርና ወደ ኋላ ይወድቃል። ክብደቱን ሁሉ በግራ እግራቸው ላይ እንዳይጥሉ ቀኙ ጉልበት ላይ እጅሽን ጫን አድርጊ። በአንድ ጊዜ 5 ወይም 10፣ በቀን ሦስት አራቴ፣ ሲቀላቸው የወንበሩ ከፍታ ይቀንስ። ከዘራ ሲይዙ በግራ፣ በደህናው እጅ ይሁን፣ ቁመቱም ክንዳቸው ሲንጠለጠል የእጅ አንጓቸው ጋ የሚደርስ። አገሩ የለመደው ረጅም ዱላ ወደ ጎን ያጋድላቸዋል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ደካማው።

እጃቸው እየተጨበጠ ከመጣ ኳስ አታስጨብጡ፤ መጨበጡን ተምሯል፣ የጠፋበት መክፈቱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማሳረፍ፣ ጨርቅ በእጁ እየገፉ ማንሸራተት፣ የእንጀራ ሳህን በሁለት እጅ ማንሳት ይሻላል። የመንዝ ብርድ ጡንቻውን ያገትረዋል፣ ጋቢና በርኖሱ አይለያቸው። ግን ቀኝ እጃቸው ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ምድጃ አጠገብ ብቻቸውን አይቀመጡ፣ የፈላ ውሃ በፕላስቲክም ሥሩ አታድርጉ። የጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ ቁጢጥ ማለት አሁን አይታሰብም፤ አናጢ ወንበሩን ይብሳና ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥ። ሰገራቸው እንዳይደርቅ ተልባም ይረዳል፣ ማማጥ ግፊት ይጨምራል።

ንግግሩን ስላልጠየቅሽ ባጭሩ፦ የቀኝ ጎን ድካም የግራ አንጎል ጉዳት ነው፣ ቋንቋም ለአብዛኛው ሰው እዚያ ነው ያለው። ቃል ጠፋባቸው እንጂ አእምሯቸው አልጠፋም፣ ጆሯቸውም ደህና ነው፤ አትጩኹባቸው። «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስመልስ ጥያቄ ጠይቋቸው፣ ጠብቁ፣ አትጨርሱላቸው። ብዙ ሰው ተራ ዓረፍተ ነገር አቅቶት ቁጥርና የሳምንቱን ቀናት፣ «አቡነ ዘበሰማያት»ንም ይወጣዋል፤ በዚያ ይጀምሩ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሦስት አንዱ ገደማ ድብርት ይይዘዋል፣ ስለዚህ ዝም ብለው ግድግዳ ካዩና ምግብ ከጠሉ «ተስፋ ቆርጠው ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ሕክምና አለው። የእርሻውንና የከብቱን ነገር አሁንም ጠይቋቸው፣ ቤቱ ያለ እሳቸው መወሰን ከጀመረ ይገባቸዋል።

የግፊት ኪኒን ግፊቱ ስለወረደ አይቆምም፤ የወረደው በኪኒኑ ነው። ለብዙዎቹ ግቡ ከ130/80 በታች ነው። 5 ደቂቃ አርፈው፣ በግራ እጃቸው ይለካ። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥ፣ ሽሮና በርበሬው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። አስፒሪን ግን ጎረቤት ስላለ ብቻ አትስጡ፤ ስትሮካቸው የደም ስር መዘጋት ነው ወይስ መፍሰስ የሚለው ይወስነዋል። መልሱ የሲቲ ስካኑ (የጭንቅላት ምስሉ) ወረቀት ላይ አለ። ፎቶ አንስተሽ፣ ስማቸውን ሸፍነሽ እዚህ ላኪው፤ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች ስምና መጠንም ጻፊልን።

አፋቸው እንደገና ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ሌላው እጅ ከወደቀ ወይም ያለው ንግግር ከጠፋ፣ ውሃም ኪኒንም አፍ ውስጥ አይግባ፤ በጎን አስተኝታችሁ መኪና ጥሩ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ሲቲ ስካን ባለበት፣ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።