አመዴ ሳሎን ገባች

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። አመዴ የምላት የሁለት ዓመት ለማዳ ዶሮ አለችኝ። ከትናንት በስቲያ ማታ ውሻ ያዛት። ደርሼ ባስጥላትም ከጅራቷ ከፍ ብሎ ጀርባዋ ላይ ቆዳዋ የመዳፍ ያህል ተገሽልጦ ሥጋዋ ይታያል። ግራ እግሯንም ታነክሳለች። ቁስሉን በአልኮል ጠርጌ፣ ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፌ ሳሎን አስገባኋት። ከዚያ ወዲህ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛ ትውላለች። እህል አትነካም፤ ኩሷም አረንጓዴ ሆኗል። እንዳይከፋት በየግማሽ ሰዓቱ አንስቼ አቅፋታለሁ፤ ውኃም በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ልጨምርላት እየሞከርኩ ነው። ባለቤቴ «አትድንም፣ በከንቱ አትድከሚ» ይለኛል፤ ልጆቹ ያለቅሳሉ። ትድናለች? ስንት ጊዜስ ቤት ውስጥ ትቆይ? — የአመዴ እናት

መልስ፦ እህቴ የአመዴ እናት፣ መጽሔቱ እስኪታተም የቆሰለች ዶሮ ስለማትጠብቅ ዋና ዋናውን በስልክ ነግሬሻለሁ። እዚህ የምደግመው ነገ ተነገ ወዲያ ይኸው ለሚደርስባቸው ሌሎች አንባቢዎች ነው። መጀመሪያ ያልኩሽ ትዝ ይልሻል፦ ሲሪንጁን አስቀምጪው።

እኔ አንዲት ዶሮ የገደልኩት በውኃ ነው። ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ጭልፊት የቧጨራት ቀይ ቄብ ነበረች፤ ቁስሏ የሚያሰጋ አልነበረም። ካልጠጣች ትሞታለች ብዬ አፏን ከፍቼ አንቆረቆርኩላት። አንገቷን ሁለት ጊዜ ዘረጋች፣ አፏን ከፈት ከደን አደረገች፣ እጄ ላይ ቀረች። የዶሮ የአየር ቧንቧ በር ያለው ምላሷ ሥር ነው፤ አፏ ሲከፈት ፊት ለፊት ይታያል። እዚያ የፈሰሰ ውኃ ወደ ሳንባዋ ይወርዳል። ውኃ የሚሰጠው በጠብታ ነው፤ ጣትሽን አርጥበሽ በመንቆሯ ጎን አንድ ጠብታ ታስነኪያታለሽ፣ ራሷ ትውጣለች። ስትውጥ ካየሽ ሁለተኛውን ትጨምሪያለሽ። ካልዋጠች ተያት፤ ከውኃው በፊት የሚያስፈልጋት ሌላ ነገር አለ።

እሱም ሙቀት ነው። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከእኛ በአራት ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ ስትነኪያት ሞቅ ብላ ብታገኚያት «ደህና ናት» ብለሽ አትታለዪ። የደነገጠችና ደም የፈሰሳት ዶሮ ያን ሙቀት ይዛ መቆየት ያቅታታል፤ ላባዋን መንፋቷም ለዚህ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ፣ ከካርቶኑ በአንዱ ጎን ብቻ አድርጊው። በአንዱ ጎን ብቻ ማለቴ በዝቶባት እንደሆነ ራሷ ፈቀቅ እንድትል ነው። አፏን ከፍታ ማለክለክ ከጀመረች ክንፏንም ከሰውነቷ ካራቀች ሞቋታል፤ አውጪላት። ካርቶኑን አየር እያስገባ እንዲጨልም ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፤ ከቴሌቪዥንና ከሕፃናት ጩኸትም አርቂያት።

አሁን ቅር የሚልሽን ልናገር። ማቀፍሽን ተዪ። ደህና ሳለች እጅሽ ላይ እየወጣች ትተኛ ይሆናል፤ አልጠራጠርም። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ትልቅ ፍጡር አፈፍ አድርጎ አንስቷታል። አሁን ስትነሳ ፀጥ የምትለው ሁልጊዜ ስለተመቻት አይደለም፤ ፍርሃት ሲበዛባትም ደርቃ ትቀራለች። ደግሞ ዶሮ እንደ እኛ ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሳችና እየጣለች ነው። አጥብቀሽ ካቀፍሻት ትንፋሿን ያዝሽባት ማለት ነው። ልጆችሽ በተለይ ይህን ይወቁ። ለመድኃኒትና ለቁስል ጠረጋ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ክንፎቿን በፎጣ ሰብስበሽ ደረቷን ሳታጨንቂ ታነሺያታለሽ። ከዚያ ውጪ አትንኪያት። ቤት ውስጥ በማስታመም ከሁሉ ያስቸገረኝ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ አይደለም፣ እጄን መሰብሰቡ ነው።

ወደ ቁስሉ እንምጣ። አልኮሉን በደግ ልብ እንዳደረግሽው አውቃለሁ፤ ግን ያቃጥላታል፣ ሊድን የጀመረውንም ሥጋ ይጎዳል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም እንደዚያው። አንድ ሊትር ውኃ አፍልተሽ 9 ግራም ጨው (የሻይ ማንኪያ ከተለካ አንድ ተኩል ገደማ) ጨምሪበት፤ ለብ ሲል ያለ መርፌ በሲሪንጁ እያፈሰስሽ እጠቢው። አየሽ፣ ሲሪንጁ ሥራ አገኘ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ከርክሚው እንጂ አትንቀዪው፤ የዶሮ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከላባው ጋር ይተረተራል። አዲስ እየበቀለ ያለ ላባ ውስጡ ደም አለው፤ እሱን በመቀስ አትንኪ። ፖቪዶን አዮዲን የሚባለው ቡናማ የቁስል ማጽጃ ካለሽ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥነሽ መጠቀም ይቻላል። የሰው ማደንዘዣ ቅባት፣ ማለትም ስሙ በ«ኬይን» የሚያልቀውን፣ አትቀቢ፤ መጠኑ ሲያልፍ ወፍን ይመርዛል። የሰው የሕመም ማስታገሻም በግምት አይሰጥም።

የውሻ ነገር ግን በቤት እጥበት ብቻ አያልቅም። የተገሸለጠው ቆዳ ይታይሻል፤ ጥርሱ የገባበት ትንሽ ቀዳዳ ግን ላባ ሥር ተደብቆ ውስጥ ለውስጥ ያመረቅዛል። ድመት ስትነክስ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ይያት። አንቲባዮቲክ ካዘዘላት እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ ያንኑ ጊዜ ጠይቂው። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እንቁላሉን ከበላ በኋላ ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ነገር ታዪና ትደነግጫለሽ። አንደኛው፣ ቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ አረንጓዴ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ በሰበሰ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አድሬ ነበር። መበስበስ አይደለም። የእኛ ሰውነት ሲበልዝ ጠቁሮ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ዶሮ ግን አረንጓዴውን ቀለም ወደ ቢጫ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ስለሌላት አረንጓዴው ላይ ትቆማለች። የሚያሰጋው መጥፎ ጠረን፣ እየጠቆረ የሚደርቅ ሥጋና ዙሪያው ማበጡ ነው። ሁለተኛው መግሉ ነው። የዶሮ መግል እንደ ሰው አይፈስም፤ እንደ አይብ ይጠጥራል። ስለዚህ «መግል አልወጣም» ብለሽ አትዘናጊ፤ ቆዳ ሥር ጠጠር ያለ እብጠት ከዳሰስሽ መግል ሊሆን ይችላል፤ አታፍርጪው፣ ለሐኪሙ አሳዪው። ዝንብንም ጠብቂ። ቁስል ላይ የጣለችው እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል።

የኩሷ አረንጓዴነት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆድ ነው፦ እህል ሳይገባ ሐሞቱ ብቻውን ሲወርድ። መብላት ስትጀምር ወደ ቡናማ ይመለሳል፤ ላዩ ላይ ያለው ነጭ ሽንቷ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ፣ በጣም የሚሸት ቡናማ ኩስ ትጥላለች፤ እሱ የጤና ነው፣ ተቅማጥ ያዛት ብለሽ አትሩጪ። ሌላው ምልክት ከአንገቷ ሥር፣ በደረቷ ቀኝ በኩል ያለው የእህል ከረጢቷ ነው። ማታ ሞልቶ ማደር፣ ጠዋት ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። ጠዋትም እንደሞላ ካገኘሽው ምግቡ አልወረደም፤ ሌላ አትጨምሪባት።

ምግቧ የለመደችው መኖ ይሁን፤ በለብ ውኃ አርሰሽ ስጫት። ጤነኛ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ አመዴ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሲሶውን ከቀመሰች እኔ አልጨነቅም። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍረሽ ከላዩ ነስንሺ። «እንቁላል ለዶሮ?» ብሎ ባለቤትሽ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ፤ ለተጎዳ ሥጋ የሚጠቅም ምግብ ነው። እኔ መራራ መድኃኒት ሁሉ የምሰጠው አስኳል ውስጥ ሸሽጌ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አይደል የሚባለው? እኔ በአስኳል ጣልኳት። በየጠዋቱ መዝኛትና ጻፊው፤ ሰውን ዓይን የሚያታልለውን ያህል ሚዛን አያታልልም። ክብደቷ በአንድ አሥረኛ ከቀነሰ ለሐኪሙ ንገሪ።

ጋዜጣውን አንሺው። ያንሸራትታል፤ የምታነክስ ዶሮ እግሯ ተበርግዶ ይብስባታል። ፎጣ ወይም ሰጋቱራ ይሁን፤ ሳይሸት በየቀኑ ይቀየር። እግሯን ከደህናው ጋር እያስተያየሽ ቀስ ብለሽ ዳብሺ። ትንሽም ቢሆን ከረገጠችበት ወለምታ ወይም ምት ሊሆን ይችላል፤ ከተንጠለጠለ ወይም ከዞረ ግን ስብራት ነው። የወፍ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ቶሎ መግጠሙ ግን ጣጣ አለው፤ ተጣሞም ቶሎ ይገጥማል። ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበዪ።

ቤት ውስጥ ስላለች አንድ ነገር አጥብቄ አሳስብሻለሁ፦ የማያጣብቀው መጥበሻ። ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ለእኛ እምብዛም ሳይታወቀን ዶሮን በደቂቃዎች ይገድላል። የወፍ ሳንባ አየር የሚስብበት መንገድ ከእኛ የተሻለ በመሆኑ መርዙንም የበለጠ ይስባል። የነፍሳት ማጥፊያ፣ ሽቶ፣ የሲጋራ ጭስም ከክፍሏ ይራቁ። እናንተም ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ተህዋስ ከምታምር ዶሮም ይመጣል። ዕቃዋ ወጥ ቤት ውስጥ አይታጠብ፤ ሕፃናቱም አይሳሟት።

ትድናለች ወይ ላልሽው፣ ሁለት ሌሊት ማለፏ ጥሩ ነው። የዶሮ ቆዳ እንደሚያስፈራው አይደለም፤ ከሥር እየሞላ፣ ከዳር እየተሰበሰበ ይገጥማል። የመዳፍ ስፋት ያለው ቁስል ግን ወር አካባቢ ሊፈጅ ይችላል። በተረፈ ሙቀትም ፀጥታም አግኝታ፣ ሐኪምም አይቷት፣ ሦስት አራት ቀን ምንም ካልቀመሰችና እየከሳች ከሄደች፣ ሥቃይዋን ስለማሳጠር ሐኪሙን መጠየቅ ክፋት አይደለም። ባለቤትሽ ትክክል የሚሆነው ያኔ ነው፤ አሁን ግን ቸኩሏል።

መመለሻዋን ግን ከዛሬ አስቢበት። ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ተራ አላቸው፤ ኖርዌጂያዊው ቶርሌይፍ ሽየልደሩፕ-ኤበ ይህን እ.ኤ.አ. በ1921 በጥናት ጽፎታል። ወር የጠፋች ዶሮ ተራዋን ታጣለች፣ እንደ እንግዳ ትቆጠራለች። ቁስሏ ቀይ ሆኖ ከታየ ደግሞ አይምሯትም፤ ቀይ ነገር ይስባቸዋል። ቆዳዋ ተዘግቶ ላባ ማብቀል ሲጀምር፣ በሽቦ በተከለለ ቦታ ሆና እነሱ እያዩዋት፣ እሷም እያየቻቸው ሳምንት ያህል ትዋል። ከዚያ ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ መኖውን ሁለት ቦታ አድርገሽ ልቀቂያት። ሊናቆሩ የሚችሉበት ጊዜ ያጥራል፤ ሁሉም ወደ ቆጡ ያስባል። ደም እስካልፈሰሰ ድረስ መሀል አትግቢ።

ጥያቄ፦ ገብስማዋ ዶሮዬ እግሯ ተሰብሮ ለሁለት ወር ቤት አስታመምኳት። አሁን ድናለች፤ ግን ውጪ ሳወጣት በር ላይ ቆማ ትጮኻለች፤ ማታ የሶፋው እጀታ ላይ ካልሆነ አትተኛም። እዚሁ ትኑር? — ሶፋው የተወሰደበት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሶፋው ላይ የምታየው ኩስ መልሱን የሰጠህ ይመስለኛል። ጥፋቱ ያንተ ነው ልበል ወይስ የሶፋው? ዶሮ አፈር ጭራ፣ አቧራ ላይ ተንከባልላ ላባዋን ማጽዳት አለባት፤ ሳሎን ይህን አይሰጣትም። ደግሞ አንተ ሥራ ስትሄድ ብቻዋን ናት፣ ዶሮም ብቸኝነት አትወድም።

በአንዴ አታስወጣት። ከመንጋው በጣም የዋኋን አንዷን ምረጥና ሁለቱን ብቻ ለብቻ በተከለለ ቦታ አንድ ሳምንት አውላቸው፤ ስትመለስ ቢያንስ አንድ ወዳጅ ይኖራታል። በሩ ላይ ስትጮኽ አትክፈትላት፤ አንዴ ከከፈትክ መጮኽ እንደሚሠራ ታውቃለች። ማታ ከጨለመ በኋላ ከሶፋው አንስተህ ቆጡ ላይ አስቀምጣት፤ ዶሮ በጨለማ ስለማታይ እንዳስቀመጥካት ታድራለች። የእኔዋ በአምስተኛው ማታ ራሷ ወጣች። ስድስተኛው ማታ ላይ በሩ ጋ ቆሜ የጠበቅኳት እኔ ነበርኩ።